በመሃል የሚቆመው እንጨት

ሚስቴን ወስደው ቀበሩና መቃብሯ ላይ አንዲት ድንጋይ እንዳላኖር ከለከሉኝ። እኔ ግንበኛ ነኝ። ካምፓላ ከገባሁ ጀምሮ የማላውቀውን ሰው ቤት፣ የማላውቀውን ሰው አጥር፣ የማላውቀውን ሰው ሽንት ቤት ስገነባ ኖሬአለሁ፤ ለገዛ ሚስቴ መቃብር ግን «አንተ እንግዳ ነህ፣ እንግዳ መሬታችን ላይ አይገነባም» ተብዬ ሲሚንቶዬን በመጣበት መኪና መልሼ ጭኜ ተመለስኩ። በደሉ ይኸው ነው። አሳምሬ ላውራው ብል አይሆንልኝም። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ጢሜ ሊሸብት ሲል ስለሆነ ነገር ማሽሞንሞን አልለመድኩም።

ይህን የሚያስጽፈኝ ሽታ ነው። ትናንት ናኪቩቦ ገበያ ዳር ታክሲ ስጠብቅ አንዲት የማላውቃት ሴት የተጠቀለለ የዛፍ ቅርፊት ጨርቅ ተሸክማ አጠገቤ ቆመች። የአገሩ ሰዎች፣ ባጋንዳዎች፣ ሬሳ የሚገንዙበት ነው፤ ከዛፍ ይገሸልጡትና በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጡ እንደ ነጠላ እስኪሳሳ ያፍታቱታል። ሽታው ጭስ የነካው እርጥብ እንጨት ነው። አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ታክሲውን ትቼ ከገበያው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው በእግሬ ዞርኩ። አሁን ያ ሰፈር ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ያኔ ግን ጭቃ ነበር፣ ጭቃው ላይ ሸራ፣ ሸራው ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ ልባሽ ጨርቅ ክምር። ከየሱቁ የኮንጎ ጊታር ይንቆረቆራል፤ አንዱ ዘፈን ሳያልቅ የጎረቤቱ ይጀምራል። በአምስት መቶ ሽልንግ ሮሌክስ ትበላለህ፤ ቂጣው ውስጥ የተጠቀለለው እንቁላል እንደ ዛሬው ስስ አልነበረም፣ አፍ ይሞላ ነበር። ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ የሚነዱት ልጆች ጫማ የላቸውም፣ መነጽር ግን አላቸው። ሚስቴ ሮዝ የወንድ ሱሪ የምትሸጠው እዚያ ጥግ ላይ ነበር፤ አሁን የስልክ ቀፎ ይሸጥበታል።

«ይህ ሱሪ ይበልጥሃል» አለችኝ የመጀመሪያ ቀን።

«አድጋለሁ።»

«በዚህ ዕድሜህ?»

«አንቺ ስጪኝ እንጂ ማደጉን ለኔ ተይው።»

ሳቀች። ሱሪው ከጉልበቱ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለ፣ ፋሽኑ ካለፈ የቆየ ነበር። ገዛሁት። ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ እስኪጠፋ ለበስኩት፤ ዛሬም ሳጥን ውስጥ አለ፤ የሚመኘው ካለ ስሞት ይውሰደው።

ካምፓላ ከመምጣቴ በፊት ሱዳን ነበርኩ። አገር ቤት ጊዜው ሲከፋ ከጎንደር በመተማ በኩል ወጣሁ፤ እንዴት እንደወጣሁ አላወራም፣ ሁሉም ያወራዋል። ገዳሪፍ ማሽላ አጨድኩ፣ ሸንዲ ሽንኩርት ተሸከምኩ። ከሸንዲ ወዲያ በባቡሩ ሐዲድ ዳር በጅራዊያ የሚባል ቦታ አለ፤ ነጮችና የሱዳን ሰዎች አብረው አሸዋ የሚያስጠርጉበት። ሄድኩ፣ አካፋ ሰጡኝ። ኮረብታው ላይ የሾሉ ነገሮች ተደርድረው አየሁና ጎጆ መሰሉኝ። ስጠጋ የድንጋይ ናቸው። ብዙዎቹ ጫፋቸው የለም። ዱሮ አንድ ወርቅ ፈላጊ ፈረንጅ መጥቶ አናታቸውን እያፈረሰ ነው አሉ። «ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት አጠገቤ የሚቆፍረውን የሸንዲ ሰው። «ቀብር ነዋ፣ የነገሥታት ቀብር።» «የግብጽ?» ሳቀብኝ። «ግብጽ ወዲያ ነው። ይኼ የኛ ነው፣ የኩሽ።» ማታ ማታ በጣሳ ሻይ እየጠጣን፣ አንዱ ኡድ የሚሉትን የዓረብ ክራር እየመታ፣ እነዚያ ሹል ጥላዎች አሸዋው ላይ ሲረዝሙ አይ ነበር። የሻዩ ስኳር ጣሳው ግርጌ አንድ ጣት ይሆናል፤ ዛሬ ስኳር በሽታ ያለብኝ ያኔ ከጠጣሁት ነው እላለሁ፣ ሐኪሙ አያምነኝም።

ከነገሥታቱ ይልቅ ግንበኛው ነው የገረመኝ። ከፈረሱት በአንዱ መሃል ለመሃል አሮጌ የእንጨት ምሰሶ ቆሞ ነበር። የሥራው ሹም፣ አንድ ረጅም ሱዳናዊ፣ እጁን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ አስረዳኝ። ግንበኞቹ መጀመሪያ መሃል ላይ ምሰሶውን ያቆማሉ፤ አናቱ ላይ ሌላ ረጅም እንጨት ያጋድሙበታል፤ በአንዱ ጫፍ ድንጋይ ያስራሉ፣ በሌላው ይጎትታሉ፣ ልክ ገበሬ ከወንዝ ውሃ እንደሚቀዳበት። ግንቡ ምሰሶውን እየከበበ ያድጋል። እንጨቱ ብዙ ርቆ ስለማይደርስ ግንቡ ሰፊ መሆን አይችልም፤ ለዚህ ነው የኩሽ ፒራሚድ ትንሽና ቀጥ ያለ፣ የግብጹ ሰፊና ጋደል ያለ የሆነው። ግንበኛ የሆንኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት አካፋ ያለው ሰው ነበርኩ።

የቀረውን ያነበብኩት ካምፓላ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰይድ ነው፤ የወሎ ሰው፣ ንሳምብያ ሰፈር ቁልቁለቱ ላይ ቅመምና እጣን ይሸጣል። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ባንኮኒው ላይ ሀ ሁ ይጽፍልኛል። «አንተን ክርስቲያኑን ሙስሊም ፊደል አስቆጠረው ብለህ እንዳታወራ፣ ቄሶችህ ይቀየሙኛል» ይለኝ ነበር። ቅመም የሚጠቀልልበት ሽፋን የሌለው የአማርኛ ታሪክ መጽሐፍ ነበረው። አንዱን ገጽ ቀድዶ ቁንዶ በርበሬ ሊጠቀልልበት ሲል ሥዕሉን አየሁና እጁን ያዝኩት። ፒራሚድ! ከዚያ ጀምሮ መጽሐፉ የኔ ሆነ፤ ግን ግማሹ ቀድሞ ከደንበኛ ጋር ሄዷል። ስለዚህ ስለ ግብጽ የማውቀው ያልተሸጠውን ያህል ነው። ትላልቆቹ ፒራሚዶች እንዴት እንደተጀመሩ አውቃለሁ፤ መሃሉን የሆነች ሴትዮ ለድስቷ ወስዳዋለች።

የቀረው ግን በቂዬ ነው። የግብጽ ሰው መቃብሩን ከቤቱ አብልጦ ይሠራ ነበር፤ ቤቱ ጭቃ፣ መቃብሩ ድንጋይ። ንጉሡ ሲሞት ወደ ፀሐይ ይወጣል ብለው ያምናሉ፤ ሹማምንቱ ከሱ ግርጌ ይቀበራሉ፣ ድንጋዩን የጠረቡት ሠራተኞች እንኳ ከዚያው አቅራቢያ ቦታ ነበራቸው። ያም ሁሉ የግብጽ ብቻ አይደለም። ዝግባው ከሊባኖስ በመርከብ፣ ወርቁ ከኑቢያ፣ ከዛሬው ሱዳን፣ እጣኑ ፑንት ከሚሉት ከቀይ ባሕር ዳር አገር ይመጣል። አንድ ሕፃን ንጉሥ ነበር፤ ሹሙ ወደ ደቡብ ዘምቶ የሚጨፍር ድንክ ሰው ይዞልህ እየመጣ ነው ሲሉት በደስታ አበደ፣ ውሃ ውስጥ እንዳይወድቅ ሌሊት እየተነሣችሁ እዩት ብሎ ደብዳቤ ላከ። ሰውዬውን ግን ማንም ምን ይሰማሃል ያለው የለም። ይህን ለሮዝ ስነግራት «የኛ አገር ሰው ይሆናል፣ ጫካ ውስጥ እንደነሱ ያሉ አሉ» አለች። ቆይታ «መለሱት?» አለችኝ። ገጹ ከዚያ በኋላ የለም።

የኑቢያን ሰው ደግሞ አንዴ እጁን አስሮ ከንጉሡ ጫማ ሥር ይስሉታል፣ አንዴ ቀስት አስይዘው ወታደራቸው ያደርጉታል። የቀስተኞቹ ነገር ነው እንቅልፍ የነሣኝ። እዚያው ግብጽ ኖረው፣ አግብተው፣ እዚያው ተቀበሩ። መቃብራቸው ላይ የተጻፈው በግብጽ ፊደል ነው፣ የተሣሉት ግን ከነአገራቸው ጸጉር፣ ከነቀስታቸው፣ ከነውሻቸው። ማንም አንተ እንግዳ ነህ፣ ድንጋይ አይቆምልህም አላላቸውም። በኋላ የኩሽ ነገሥታት ራሳቸው ወርደው ግብጽን ገዙ። ያን ጊዜ የግብጽ ነገሥታት ፒራሚድ መሥራት ትተው ነበር፤ ኩሾቹ ጎረቤት የጣለውን አንስተው አገራቸው ወሰዱትና የራሳቸው አደረጉት። በጅራዊያ ባየሁት ግድግዳ ላይ ንግሥቲቱ የግብጽ ዘውድ ደፍታለች፣ ወገቧ ግን የሱዳን ሴት ወገብ ነው፤ ከግብጽ አማልክት ጎን የራሳቸው አንበሳ ራስ አምላክ ተሰልፏል።

ወደ በደሌ ልመለስ። ሮዝን ላገባ ስል እንደ አገሬ ደንብ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ፤ ሰይድን፣ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ባለ ሆቴል፣ አንድ ደግሞ ዕድሜው የገፋ መቶ አለቃ። የሮዝ አባት ቤት ከማሳካ መንገድ ገባ ብሎ ሙዝ መሃል ነው። ሄዱ፣ ተመለሱ፣ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሰጡህ፣ በላን ጠጣን» አሉኝ። ይኸው ነው። ማኪንድዬ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን ኖርን፤ አንድ የማቶኬ፣ የሚቀቀለው ሙዝ፣ ዘለላ በሦስት ሺህ በሚገዛበት ዘመን ሁለታችን በሳምንት አንዱን አንጨርስም ነበር። ልጅ አልሰጠንም። በየገናው ስኳር፣ ሳሙናና ለአባቷ ሸሚዝ ይዤ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ማታ «ኪዚቶ መቼ ትመጣላችሁ ይላል» ትለኛለች፤ ኪዚቶ ታላቅ ወንድሟ ነው። «ለገና እንሄድ የለ» እላታለሁ። ዝም ትላለች። የሴት ዝምታ ምን እንደሆነ የሚያስነብብ ፊደል ሰይድ አላስቆጠረኝም።

ታመመችና ንሳምብያ ሆስፒታል ተኝታ ሞተች። ኪዚቶ ዘመዶቹን ይዞ መጣ፤ በዚያ ቅርፊት ጨርቅ ገንዘው ወሰዷት። በነሱ ወግ ሴት ልጅ የምትተኛው የአባቷ ጎሣ በሚቀበርበት ነው፤ አልተከራከርኩም። ቀብሩ ላይ ግን እንግዶች ከሚቀመጡበት ድንኳን አስቀመጡኝ። ከሩቅ ሰፈር ለቅሶ ሊደርስ ከመጣ ሾፌር አጠገብ! «የሟች ምኗ ነህ?» አለኝ ሾፌሩ። ባሏ ነኝ ስለው ዞር ብሎ ሌላ ወንበር ፈለገ፤ ውሸታም መስዬው ነው።

ከዓመት በኋላ ድንጋይና ሲሚንቶ ጭኜ ሄድኩ። የነሱ መቃብር ዝቅ ያለ የሲሚንቶ አልጋ ነው። እኔ የማውቀውን ልሠራላት አሰብኩ፤ ትንሽ፣ ቀጥ ያለ፣ ከደረቴ የማይበልጥ። ኪዚቶ እጁን አጣምሮ መንገዱ ላይ ቆመ።

«ሙጌኚ፣ ይህን መልሰህ ጫን።» ሙጌኚ እንግዳ ማለት ነው። አሥራ ምናምን ዓመት የሚጠራኝ በዚህ ስም ነበር፤ ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

«ሚስቴ ናት!»

«አንተ ነህ የምትለው። ይህ ቤት ሰምቶ አያውቅም።»

ተመለስኩ። በሌላው ዓመትም ሄድኩ፣ ተመለስኩ። የኛ ሰዎች «ተዝካሯን አውጥተሃል፣ ተወው፣ አፈር አፈር ነው» ይሉኛል። ለነሱ አፈር ነው! መቀመጥ አቃተኝ። ሥራ ጀምሬ ሳልጨርስ ሌላ ሥራ እሄዳለሁ። ማኪንድዬ ግቢዬ ጀርባ ከተራረፈ ጡብ ያችኑ ፒራሚድ እሠራለሁ፣ መሃል ላይ እንጨት አቁሜ፣ ከአራቱ ማዕዘን ሲባጎ ወጥሬ፤ እጨርስና ቀጥታውን የሚያሳየውን ቱምቢ ስጥልበት የዘመመች ይመስለኛል፣ አፈርሳታለሁ። አከራዬ «ይኼ ሰውዬ ግቢዬ ውስጥ ሊቀበር ነው እንዴ» ትላለች። የሰፈሩ ቦዳዎች ሳልፍ «ፈርዖን! ፈርዖን!» ይሉኛል። ሰይድ ብቻ አይስቅም። «ደምሴ፣ ወይ ጨርሳት ወይ ተዋት፣ ጡቡስ ምን አደረገህ?» ይላል።

እንዲህ ስዞር ነው ናኪቩቦ ታክሲ ተራ የሮዝን አክስት ያገኘኋት። የአባት እኅት ሴንጋ ትባላለች፤ በነሱ ዘንድ የልጅቷን ትዳር የምትይዘው እሷ ናት። ጭኗ ላይ እንደዚያ ያለ ቅርፊት ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«አንተ ግንበኛው! ገና አልሞትክም?»

«እርስዎስ፣ ሴንጋ?»

«የሌላውን ቀብር መች ጨረስኩና!» አለችና በጥርስ አልባ ድዷ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ለምንድን ነው ሳትመጣ የቀረኸው? ልጃችንን ያሳፈርካት ለምንድን ነው?»

«በየገናው ስኳር ተሸክሜ የምመጣው ማን ነበር?»

«እሱማ እንግዳ ነው። አማች ሆነህ ነው የምልህ። ኩዋንጁላ ሳታደርግ!» ኩዋንጁላ ወንዱ ካንዙውን፣ ያን ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ ለብሶ፣ የስጦታውን ቅርጫት አስይዞ፣ በልጅቱ ቤተሰብ ፊት ምንጣፍ ላይ የሚቀመጥበት ቀን ነው። ያ ከሌለ ጋብቻ የለም።

«ሽማግሌ ልኬአለሁ! ሦስት ሽማግሌ!»

«እነዚያ መርዝ የፈሩት?»

«የምን መርዝ?»

«ወንድሜ እስኪሞት ያወራው ነበር! ዶሮው በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ቀረበላቸው። አልበላም አሉ። ቆመው። ‹መልሳችሁን ካልሰጣችሁን እህል አንቀምስም› ይላሉ። ሰው ቤት መጥቶ ምግብ እምቢ! ጎረቤት እያየ! ወንድሜ ላብ አጠመቀው። ‹የፈለጋችሁት ይሁን፣ ብቻ ብሉ!› አላቸው።»

«እሱ እኮ ነው መልሱ!»

«የምን መልስ ነው? የእንግዳ ማባበያ ነው እንጂ! ደግሞ ስንለምናቸው ሁለቱ በሉ፣ አንዱ ሥጋውን ገፍቶ ማቶኬ ብቻ በላ። ከዚያ እልልታ አቅልጠው ሄዱ። እኛ ደግሞ እነዚህ ለማየት የመጡ ናቸው፣ ቀኑን ቆርጠው ይመጣሉ ብለን ያን ሁሉ ዘመን ጠበቅን።»

ሥጋውን የገፋው ሰይድ ነው፤ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ቆሞ እህል እምቢ ማለት ደግሞ የኛ ወግ ነው፤ ልጅ እስኪሰጥ ሽማግሌ አይቀመጥም፣ አይቀምስም፤ ካበሉት ሰጥተውታል። ያንን ሁሉ ዓመት ሮዝ በአንድ ወገን ያገባች፣ በሌላው ያላገባች ሆና ኖራለች፤ ሁለቱንም ታውቃለች፣ እኔን ላለማሳፈር አፏን ይዛለች። ታክሲ ተራው መሃል ጮህኩ። ማን ላይ እንደጮህኩ እንጃ። ረዳቶቹ ሊገላግሉ መጡ። ሴንጋ እጄን ያዘችኝ።

«ዝም በል። ይደረጋል።»

«ሞታለች እኮ!»

«ሞታ የት ሄደች? ከኪዚቶ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። አንተ ካንዙ ግዛ። ሽማግሌዎችህን ደግሞ አብላቸው።»

ከሦስቱ በሕይወት ያለው ሰይድ ብቻ ነበር። ሴንጋ ቀኑን ቆርጣ ላከችብኝ። ሙሉ ሌሊት የማሳካን መንገድ ያስብ ነበር መሰለኝ፣ ጠዋት ካንዙውን ለብሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል። «ደምሴ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁህ» አለኝ። «ዝም በል፣ ቅርጫቱን ያዝ» አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ? ቤቱ ስንደርስ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ የጎሣው ሰዎች በአንድ ወገን፣ እኛ በሌላው። ምግቡ ሲቀርብ ሰይድ ማንም ብላ ሳይለው ማቶኬውንና የኦቾሎኒ ወጡን ዛቀ፤ አፉ ሞልቶ «በጣም ይጣፍጣል፣ በጣም!» ይላል በነሱ ቋንቋ። አሮጊቶቹ እየተቆነጣጠሩ ሳቁ። የሱን ታሪክ ያልሰማ የለም ማለት ነው።

በኩዋንጁላ የቤቱ ሴቶች በተራ ይወጣሉ፣ አፈ ጉባኤው «የፈለጋችኋት ይቺ ናት?» ይላል፣ «አይደለችም» ይባላል፣ እየተሣቀ እውነተኛዋ ሙሽራ እስክትወጣ። ያን ቀን ማንም አልወጣም። ሴንጋ ብቻዋን ተነሣችና ምንጣፉን አቋርጣ በእጇ ጠራችኝ። በሙዙ መሃል ተከተልኳት፣ ሰዉም ከኋላ። ከጎሣው መቃብሮች ዳር፣ ሣር የበቀለበት የአፈር ክምር ላይ ቆመች።

«ይቺ ናት?»

ሰይድ ከኋላ ጎኔን ጎሰመኝ።

«ይቺ ናት» አልኩ።

ኪዚቶ ዞሮ ወደ መንገዱ ሄደ። የተከራየሁትን መኪና መዝጊያ ሲከፍት ሰማሁት። ድንጋዩ ከላይ ነበር፤ ይሆናል ብዬ ሳይሆን ያለሱ ወደዚያ መንገድ መሄድ ስለማልችል ነው የጫንኩት። ረጅሙን እንጨት ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መሃል ላይ የሚቆም ነው። ግንቡ በሱ ዙሪያ ይወጣል፣ ሹል ሆኖ።»

«የኛ መቃብር ጠፍጣፋ ነው።»

«የግብጽ ነበር። ኩሾቹ ወሰዱት። ከነሱ እኔ ተማርኩት።»

እንጨቱን ከትከሻው አወረደ። «በር አለው?»

«ትንሽዬ። ወደ ምሥራቅ።»

«በምሥራቅ ሙዝ እንጂ ማን አለ? ወደ ቤቱ አዙረው። እናታችን ጠዋት በሯን ስትከፍት ትያት።»

በጅራዊያ ባየኋቸው ሁሉ በሩ ወደ ምሥራቅ ነው። አዞርኩት። ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ እንጨቱን አቆምነው፣ ሲባጎውን ከአራቱ ማዕዘን ወጠርኩ። ኪዚቶ ካንዙው ጭቃ እየነካ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው፣ ከሥሩ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሙኮ» አለኝ። አማች ማለት ነው። «ቀጥ ብሏል?»

ቱምቢውን ጣልኩና አየሁ። ቀጥ ብሏል አልኩት። ግንቦት አሥራ ስድስት ቀን ነበር፣ ቅዳሜ።